ለከባድ ቃጠሎ ታማሚ ቫይታሚን አሰጣጥ፦ አስታማሚዎች የሚሳሳቱበት ቅደም ተከተል

ቃጠሎ ክፍል ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። ታማሚው በገባ በማግስቱ ዘመድ ይመጣል። ሁለት ኪሎ ብርቱካን፣ አንድ ካርቶን ጁስ፣ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ቫይታሚን ሲ፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ትልቅ የቫይታሚን ጠርሙስ። ኮመዲኖው ላይ ይደረደራል። ሦስት ሳምንት ያልፋል። ታማሚው ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል፤ ቁስሉ አልዘጋም፤ የተተከለው ቆዳ አልያዘም። እናትየዋ ተጨንቃ «ሲስተር፣ ቫይታሚኑን እኮ አንድ ቀን አላቋረጥንም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የተቋረጠው ምግቡ ነው። ልጁ በጁስ ጠግቦ እንቁላሉን ሳይነካ ሲመልስ ማንም አልቆጠረም።

ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ተከተሉ። ፈሳሽ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ፕሮቲን፣ ከዚያ ቫይታሚን። መጠን የሚያዘው ሐኪሙ ነው። እዚህ የምጽፋቸው ቁጥሮች የታዘዘውን እንድትረዱና ስህተት ስታዩ እንድትጠይቁ ነው፤ በራሳችሁ እንድታዙ አይደለም።

ቫይታሚኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ባጭሩ፦ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሰውነት ውስጥ ጉዳቱ ይቀጥላል። የተቃጠለ ሰውነት ጤነኛ ሴሎችን የሚጎዱ፣ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶችን በብዛት ያመርታል። እነሱን የሚያረጋጉት ጸረ-ኦክሳይዶች ናቸው፦ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲን፣ እንዲሁም ሰውነት የራሱን መከላከያ የሚሠራባቸው ዚንክ፣ ሴሌኒየምና መዳብ። ችግሩ በቃጠሎ ጊዜ እነዚህ ቶሎ ያልቃሉ። ማዕድናቱ ደግሞ ከቁስሉ ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር አብረው ይፈሳሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዝግጅት

1. የቃጠሎውን ስፋት እወቁ። የታማሚው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ ከሰውነቱ 1 በመቶ ገደማ ነው። የእናንተ መዳፍ አይደለም፣ የእሱ። ቆዳው የቀላ ብቻ ከሆነና ውሃ ካልቋጠረ አትቁጠሩት። በአዋቂ 20 በመቶ፣ በልጅ 10 በመቶ ከደረሰ ከባድ ነው። ፊት፣ እጅ፣ ብልት፣ የመብራት ቃጠሎ፣ ዝግ ቤት ውስጥ ጭስ የተነፈሰ ሰው ከሆነ ግን ስፋቱ ቢያንስም ሆስፒታል ነው።

2. ክብደቱን እወቁ። ከቃጠሎው በፊት ስንት ኪሎ ነበር? የሚታዘዘው ሁሉ በኪሎ ነው የሚሰላው። ሆስፒታል ገብቶ ብዙ ፈሳሽ ከተሰጠው በኋላ የሚለካው ክብደት ያሳስታል፤ እብጠቱም አብሮ ስለሚመዘን።

3. የበሽታና የመድኃኒት ዝርዝር ጻፉ። የኩላሊት ችግር ወይም የኩላሊት ጠጠር አለ? እርግዝና? ስኳር? ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል? ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት አለበት ተብሎ ያውቃል? እነዚህ እያንዳንዳቸው የቫይታሚኑን ውሳኔ ይቀይራሉ። አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጥል በሽታ ይዞት ምድጃ ላይ ይወድቃል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ፌኒቶይን የሚባለው መድኃኒት በቱቦ ከሚሰጥ ምግብ ጋር በደንብ አይዋሃድም፣ ፎሊክ አሲድም ሊያዳክመው ይችላል። ሳይታወቅ ከቀረ አልጋ ላይ እንደገና ይጥለዋል።

4. ቤት ያለውን ቫይታሚን ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ለነርሷ አሳዩ። አንዱ ጠርሙስ «መልቲቫይታሚን»፣ ሌላው «ለቆዳ»፣ ሌላው «ለበሽታ መከላከያ» ይላል። ሦስቱም ውስጥ ቫይታሚን ኤ አለ። ተደምሮ ጉበት ይጎዳል።

5. አንድ ደብተር ግዙ። በየቀኑ የበላውን፣ የጠጣውን፣ የወሰደውን ቫይታሚን፣ የሽንቱን መጠን፣ ያስመለሰበትን ሰዓት ጻፉ። «ደህና በልቷል» አይጻፍም። «ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት» ይጻፋል።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያው ሰዓት — ቫይታሚን የለም

እዚህ ላይ ቫይታሚን ምንም አይሠራም። የሚሠራው ውሃ ነው።

• የሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ወዲያው ካልተቻለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። በረዶ አታድርጉ።
• ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ ቀበቶ አውልቁ። ሲያብጥ አይወጣም።
• ቆዳው ላይ የተጣበቀ ልብስ ካለ አትላጡ፤ ዙሪያውን ቁረጡት።
• ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ ሊጥ፣ ጭቃ አትቀቡ። የተፈጨ የቫይታሚን ሲ ኪኒን የበተነም አይቻለሁ፤ እሱም አይደረግም። ቫይታሚን ሲ አሲድ ነው።
• በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ የቀረውን አካሉን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ውሰዱ። በተለይ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው፤ አቤት ሆስፒታልም ለቃጠሎና ለድንገተኛ አደጋ የተቋቋመ ነው። ክፍለ ሀገር ከሆናችሁ ግን ረጅም መንገድ አትጀምሩ። በቅርብ ያለው ሆስፒታል ገብቶ ፈሳሽ ይጀመርለት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠየቅ፣ ከዚያ ሪፈር ይደረጋል።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት — ፈሳሽ፣ እና «ከፍተኛ መጠን» ስለሚባለው ቫይታሚን ሲ

ከባድ ቃጠሎ ከደም ሥር ውስጥ ፈሳሹን ያፈሳል። ሐኪሞች የሚያሰሉት እንዲህ ነው፦ ከ2 እስከ 4 ሚ.ሊ. በኪሎው ተባዝቶ፣ በቃጠሎው መቶኛ ተባዝቶ። 60 ኪሎ ሰው 30 በመቶ ቢቃጠል ከ3.6 እስከ 7.2 ሊትር በ24 ሰዓት ውስጥ ማለት ነው። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይገባል። ልብ በሉ፣ 8 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተቃጠለበት ደቂቃ ጀምሮ ነው፤ ሆስፒታል ከደረሰበት አይደለም። ስለዚህ የተቃጠለበትን ሰዓት በትክክል ተናገሩ። «3 ሰዓት ላይ» ብቻ አትበሉ። የጠዋቱ ነው የማታው? በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? ቀልድ ይመስላል፣ ግን በዚህ ምክንያት ስሌቱ 6 ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል።

የአስታማሚ ሥራ ሽንቱን ማየት ነው። ለአዋቂ በሰዓት በኪሎ ቢያንስ 0.5 ሚ.ሊ. ይጠበቃል፤ ለ60 ኪሎ ሰው 30 ሚ.ሊ. መሆኑ ነው። ለልጅ በኪሎ 1 ሚ.ሊ. ገደማ። የሽንት ከረጢቱ ለሁለት ሰዓት ካልጨመረ፣ ወይም ሽንቱ ኮካ ከመሰለ፣ በተለይ በመብራት ቃጠሎ፣ ነርሷን አሁኑኑ ጥሩ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደውሎ «ቫይታሚን ሲ በብዛት ስጡት፣ እዚህ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት» ይላል። ነገሩ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2000 የጃፓን ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያው ቀን በደም ሥር በሰዓት በኪሎ 66 ሚ.ግ ቫይታሚን ሲ የተሰጣቸው ታማሚዎች የሚያስፈልጋቸው ፈሳሽ በብዙ ቀነሰ። ጥናቱ ግን 37 ሰው ብቻ ነው የያዘው። እስቲ እናስላው። ለ60 ኪሎ ሰው በሰዓት 4 ግራም ገደማ፣ በቀን ወደ 95 ግራም ይሆናል። 1000 ሚ.ግ ያለው ኪኒን 95 ፍሬ ማለት ነው። በአፍ አይሞከርም። አንጀት ከተወሰነ መጠን በላይ አይቀበልም፤ ትርፉ ተቅማጥ ነው።

በደም ሥርም ቢሆን የሁሉም ሆስፒታል አሠራር አይደለም፣ አደጋዎችም አሉት፦

• ቫይታሚኑ ሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይቀየርና ኩላሊት ሊዘጋ ይችላል።
• ሽንትን ራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ሽንቱ ብዙ ሆኖ እያየን ሰውየው ውስጡ ደርቆ ሊሆን ይችላል።
• አንዳንድ የጣት ደም ስኳር መለኪያዎችን ያሳስታል። ስኳሩ ሳይጨምር «ከፍ ብሏል» ይላሉ፤ በዚያ ተመርቶ ኢንሱሊን ቢሰጥ ታማሚው ይወድቃል።
• ጂ6ፒዲ እጥረት ያለበትን ሰው ደሙን ሊያፈርሰው ይችላል።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ በከባድ ኢንፌክሽን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለገቡ ሰዎች በደም ሥር የተሰጠ ብዙ ቫይታሚን ሲ ነገሩን አባብሶ አሳይቷል። የተጠኑት የቃጠሎ ታማሚዎች አይደሉም። ግን «ቢበዛ ምን አለበት» የሚለውን ወሬ ዝም ያሰኛል። ውሳኔው የቃጠሎ ሐኪሙ ነው። ተሰጥቶ ከሆነ «የደም ስኳሩ ላብራቶሪ ነው የሚለካው ወይስ በጣት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን አንዲት ጥያቄ አትርሱ።

ደረጃ 3፦ ምግብ ይጀመር፣ ቶሎ

ድሮ «አንጀቱ ይረፍ» ተብሎ ቀናት ይጠበቅ ነበር። አሁን በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ እንዲጀመር ነው የሚመከረው። በአፉ በቂ መብላት ካልቻለ በአፍንጫ ቱቦ ይገባል። ቤተሰብ ቱቦ ሲያይ ይደነግጣል፣ «ሊሞት ነው እንዴ» ይላል። አይደለም። ቱቦ መግቢያ በር ነው።

በቱቦ ስትመግቡ፦

1. ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን ነርሷ ታረጋግጥ። በየቀኑ የመጀመሪያውን ምግብ ያለ እሷ አትጀምሩ።
2. የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። ጠፍጣፋ ተኝቶ የተመገበ ሰው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ከምግብ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አታውርዱት።
3. ቀጭን፣ በወንፊት ያለፈ ብቻ ስጡ።
4. ሲያልቅ 30 ሚ.ሊ. ንጹህ ውሃ አስከትሉ። ለልጅ መጠኑን ነርሷ ትነግራችኋለች።
5. ኪኒን ከምግቡ ጋር አትቀላቅሉ። አንዱን ለብቻ ፈጭታችሁ በውሃ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ሌላው። የሚፍለቀለቀው ኪኒን አረፋው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቱቦ ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 4፦ ፕሮቲኑን ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

አዋቂ የቃጠሎ ታማሚ በኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል። ልጅ ከ1.5 እስከ 3። ለ60 ኪሎ ሰው ከ90 እስከ 120 ግራም ነው። አዲስ ቆዳ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ቫይታሚን ሲ እሱን የሚያያይዝ ነው። ድንጋይ በሌለበት ሲሚንቶ ብቻ ብታፈሱ ግንብ አይሆንም።

በቀን ውስጥ እንዲህ ሊሞላ ይችላል፦

• 4 የበሰለ እንቁላል — 24 ግራም
• 3 ብርጭቆ የፈላ ወተት — 24 ግራም
• መዳፍ የሚያህል የዶሮ ሥጋ፣ 100 ግራም ገደማ — 30 ግራም
• አንድ ስኒ ሙሉ የበሰለ ምስር፣ የቡና ስኒ ሳይሆን ትልቁ የሻይ ኩባያ — 18 ግራም
• 2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ — 8 ግራም

ድምሩ 104 ነው። ዶሮ የሚገዛ አቅም ከሌለ እንቁላሉንና ምስሩን ጨምሩ፤ ቁጥሩ ይሙላ እንጂ ከየትም ይምጣ።

ማኘክ ላቃተው ይህን አጥሚት ሥሩ። አንድ ሊትር ወተት ለብ አድርጉ። 4 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ ሲፈላ 10 ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉ። ከእሳት አውርዱና 4 ማንኪያ የዱቄት ወተት፣ 2 ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ ትንሽ ስኳር አዋህዱ። ወደ 50 ግራም ፕሮቲን ይኖረዋል። ካረረባችሁ ድፉት፣ አትከራከሩ፤ ያረረ ሽታ ያለውን ታማሚ አይጠጣውም። ከወፈረ ውሃ ሳይሆን ወተት ጨምሩበት። ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ።

ጾም ከሆነስ? በየዐቢይ ጾሙ የሚያጋጥመኝ ነው። ታማሚው «አልበላም» ይላል፣ ቤተሰቡ ያፍራል፣ ነርሷ ትቆጣለች። ጭቅጭቁ አይጠቅምም። የንስሐ አባቱን ጥሩለት። ለበሽተኛ ጾሙን ማቅለል በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው፤ እሳቸው በአንድ ቃል ይፈቱታል። ለሙስሊም ታማሚም በረመዳን እንዲሁ ነው፣ የታመመ ሰው ይፈቀድለታል። ያም ሆኖ እምቢ ካለ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ለውዝና ሱፍ አጠናክሩ። ሱፍና ለውዝ በቫይታሚን ኢም ጥሩ ናቸው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ 100 ግራም ፕሮቲን ከጾም ምግብ ብቻ ለማግኘት ብዙ ሳህን መጨረስ ይጠይቃል፤ የምግብ ፍላጎት የጠፋበት ሰው ደግሞ ያን አይችልም።

ደረጃ 5፦ ቫይታሚኖቹን በሰዓታቸው ስጡ

አሁን ደረስን።

ቫይታሚን ሲ። ለአዋቂ በብዛት የሚታዘዘው በቀን ከ500 እስከ 1000 ሚ.ግ ነው። 1000 ከታዘዘ 500 ጠዋት፣ 500 ማታ ብትከፍሉት ሰውነት የበለጠ ይወስዳል። ትኩስ ሻይ ውስጥ አትክተቱት፣ ሙቀት ያጠፋዋል። የሚፍለቀለቀው ዓይነት ሶዲየም አለው፤ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለ ተራውን ኪኒን ጠይቁ።

ዚንክ። ለአዋቂ በቃጠሎ ጊዜ በተለምዶ ከ25 እስከ 50 ሚ.ግ በቀን ነው። ፋርማሲ በብዛት የሚገኘው 20 ሚ.ግ ያለው፣ ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጠው ነው። እሱን ገዝታችሁ «አንድ ወይስ ሁለት?» ብላችሁ አትገምቱ፣ ሐኪሙን ጠይቁ። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፤ ከምግብ በኋላ ስጡ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስድ ከሆነ ዚንኩ መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል፣ ኢንፌክሽኑም ሳይታከም ይቀራል። መድኃኒቱ ከዚንኩ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ይሰጥ። ሲፕሮን በወተትም አታስውጡት። ዚንክ ለወራት ሲቀጥል መዳብን ያሳጣል፤ ስለዚህ ማብቂያ ቀን አስጽፉ።

ቫይታሚን ኤ። ለአዋቂ 10,000 አይ.ዩ. (የቫይታሚን መለኪያ ነው) የሚሰጡ የቃጠሎ ክፍሎች አሉ። ከውሃ ጋር የሚወጣ ቫይታሚን አይደለም፤ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ያለ ሐኪም ፈቃድ ፈጽሞ አትስጡ፣ ጽንሱን ይጎዳል። ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሌላ ጉዳይ አለ። በዘመቻ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ 100,000 ወይም 200,000 አይ.ዩ. ነው። በቅርቡ ወስዶ ከሆነ ካርዱን አምጡና አሳዩ።

ቫይታሚን ኢ። የታዘዘውን ብቻ። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው መድማትን ያባብሳል። ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ካለ የሚወስደውን ለሐኪሙ ንገሩ።

ሴሌኒየምና መዳብ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ዚንክን ጨምሮ እነዚህን ማዕድናት በደም ሥር ይመክራል፦ ከ20 እስከ 40 በመቶ ለተቃጠለ ከ7 እስከ 8 ቀን፣ ከ40 እስከ 60 ለሆነ 2 ሳምንት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 30 ቀን። የእኛ ፋርማሲዎች ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ለእሱ ብላችሁ ከተማውን አትዙሩ፣ ያላችሁን ብር አትጨርሱ። ያን ብር እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ ግዙበት፤ ሴሌኒየም እነሱም ውስጥ አለ።

አንድ ቀን ከረሳችሁ በማግስቱ እጥፍ አትስጡ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ደረጃ 6፦ ፍራፍሬና አትክልት — ከፕሮቲኑ በኋላ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ እንቁላሉ ወይም ሥጋው፣ ቀጥሎ ወተቱ፣ መጨረሻ ፍራፍሬው። ጁስ ምግብ ሊመጣ ሲል አይሰጥም። ጠያቂ ይዞት የመጣውን አመስግናችሁ ተቀበሉና ወደ ጎን አድርጉት።

ብርቱካን ስሙ ገነነ እንጂ ዘይቱን (ጓቫ) ይበልጠዋል። በ100 ግራም ዘይቱን ውስጥ ከ200 ሚ.ግ በላይ ቫይታሚን ሲ አለ፤ ብርቱካን 50 ገደማ፣ ፓፓያ 60 ገደማ ነው። ዋጋውንም አነጻጽሩ። ጎመን ስትሠሩ አጥባችሁ ከዚያ ክተፉ፤ ከትፋችሁ ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ቫይታሚኑ ውሃው ጋር ይደፋል። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ፣ ክዳን ግጠሙ፣ ቶሎ አውርዱ። ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ቤታ ካሮቲን አላቸው፤ ትንሽ ዘይት ካልነካቸው ግን ሰውነት በደንብ አይወስደውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ዱለት፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ ጥሬ እንቁላል የለም። «ደም ይተካል» እያላችሁ ጥሬ ጉበት ይዛችሁ እንዳትመጡ። ቆዳው የተገፈፈ ሰው መከላከያው ወርዷል። የበሰለ ጉበትም ቢሆን ቫይታሚን ኤው ብዙ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ለነፍሰ ጡር ይቅር። ፍራፍሬውን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ልጣችሁ ስጡ። ጥሬ ሰላጣ ሆስፒታል ውስጥ ይቅር።

ደረጃ 7፦ ቤት ከገባ በኋላ

ከባድ ቃጠሎ የሰውነትን የምግብ ፍጆታ ከፍ አድርጎ ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ያቆየዋል። ቁስሉ ስለዘጋ ምግቡ አይቀነስም። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት መዝኑት። የቫይታሚን ኪኒኖቹ መቼ እንደሚቆሙ ሲወጣ አስጽፉ፤ አለበለዚያ ሰው በልማድ ዓመት ሙሉ ይውጣቸዋል። ቃጠሎው የነካው ሰው ከፀሐይ ስለሚሸሽ፣ ጠባሳም ቫይታሚን ዲ በደንብ ስለማይሠራ፣ እጥረቱ የተለመደ ነው። በቀጠሮው ጠይቁ።

የቫይታሚን ኢ እንክብል እየበሳችሁ ጠባሳ ላይ አትቀቡ። ጠባሳ ማጥፋቱ አልተረጋገጠም፤ ቆዳ የሚያሳክክና የሚያቀላ አለርጂ ግን ብዙ ሰው ላይ ያመጣል። የታዘዘ ማለስለሻ ቅባት፣ የመጭመቂያ ልብስና ፊዚዮቴራፒ ይበቃል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ኦፕራሲዮን ሲባል እየጾመ ምግቡ እየቀረ ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው የተደበቀ ችግር ነው። ቁስል ሊታጠብ ወይም ቆዳ ሊተከል ከሌሊት ጀምሮ ይከለከላል፤ ተራው ከሰዓት ይደርሳል፣ ወይም ይሰረዝና «ነገ» ይባላል። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ ሁለት ቀን ሙሉ አልበላም ማለት ነው። «ስንት ሰዓት ነው የሚገባው? ምግብ እስከ ስንት ሰዓት ይቻላል?» በሉ። በተለምዶ ቀለል ያለ ምግብ ኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ንጹህ ውሃ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ የእናንተን ግን የሚወስነው የማደንዘዣ ባለሙያው ነው። ከተሰረዘ ወዲያው አብሉት። ከተደረገም የቀረውን ማታ ከፋፍላችሁ አካክሱ።

ያስመልሰዋል። የአንድ ጊዜውን መጠን በግማሽ ቀንሱ፣ በቀን የምትሰጡበትን ቁጥር እጥፍ አድርጉ። በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ቫይታሚኑን በባዶ ሆድ እየሰጣችሁት እንደሆነም አረጋግጡ። ሆዱ ከተነፋና ከደነደነ ምግቡን አቁማችሁ ሐኪም ጥሩ።

ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ጁሱን አቁሙ። ቫይታሚን ሲው ከ1000 በላይ ከሆነ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ንገሯቸው፣ ይቀንሱታል። አንቲባዮቲክም ሊያመጣው ስለሚችል ደም ካለው ወይም በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ከሆነ አትጠብቁ።

ሆዱ ደርቋል። የሕመም ማስታገሻው ነው ብዙ ጊዜ። መድኃኒቱን ፈርታችሁ አታስቀሩ። ማለስለሻ ይታዘዝለት፣ ተልባ በውሃ ይረዳል።

ቱቦው ተዘጋ። ሽቦ አታስገቡ፣ በኃይልም አትግፉ። ነርሷ ለብ ባለ ውሃ በሲሪንጅ ገፋ ሳብ እያደረገች ትሞክረዋለች። ካልሆነ ይቀየራል።

ወገቡን ወጋው፣ ወይም ሽንቱ ውስጥ ደም አለ። ቫይታሚን ሲውን አቁሙና በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ።

ክብደቱ እየወረደ ነው። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲቀንስ ኪሎ መውረዱ ያለ ነው። ከቃጠሎው በፊት ከነበረው 10 በመቶ ከወረደ ግን፣ ከ60 ኪሎ ወደ 54 ማለት ነው፣ ሌላ ቫይታሚን አትግዙ። ደብተሩን ክፈቱና ያለፉትን ሦስት ቀናት ፕሮቲን ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። ለ60 ኪሎ ሰው በቀን ከ90 ግራም በታች ከሆነ መልሱን አገኛችሁት። በልቶም የሚከሳ ከሆነ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል፤ ትኩሳት፣ የቁስል ሽታ፣ መቃዠት፣ ድንገት ምግብ መጥላት ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ውሰዱት። ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስንት በላ፣ ስንት ሸና የሚለውን ነው።